ላልሞተች ሴት የተነፋ ጡሩምባ

አሁን አሁን በመንዟ ከተማችን ዘመሮ ሰው ሲሞት የሚነገረው በሞንታርቦ ነው። አንድ ጎረምሳ ሞንታርቦውን ሞተር ሳይክሉ ላይ አስሮ፣ ስልኩ ላይ የተቀዳ ድምፅ እየለቀቀ ከተማዋን አዳርሶ ሲመለስ የእኔ ሻይ ገና አልቀዘቀዘም። የተቀዳው ድምፅ «ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል» ሲል ዘይት ረከሰ የሚል ነው የሚመስለው። ይህን ስናገር ሰዎች «ጋሽ ሸዋንግዛው ቀና» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቀንቻለሁ።

የሰፈራችን ዕድር ጡሩምባ ነፊ እኔ ነበርኩ። ከእኔ በፊት አባቴ ነበሩ። በማለዳ፣ ጉሙ ከገደል ወጥቶ ቤቱን ሁሉ አልብሶት፣ የሰው ፊት በማይለይበት ብርድ፣ ከበግ ፀጉር የተሠራች ባናዬን ደርቤ እቆምና እነፋለሁ። ነፍቼ ስጨርስ ትንሽ ዝም እላለሁ። በዚያች ዝምታ ውስጥ መቀርቀሪያ ሲሳብ፣ ውሻ ሲጮህ፣ «ማን ይሆን?» ሲባል ይሰማኛል። ከተማው በሙሉ ትንፋሹን ይዞ የእኔን አፍ ይጠብቃል። ያቺን ዝምታ ሞንታርቦ አያውቃትም። እኔን ግን ዛሬም አንዳንድ ማለዳ ትናፍቀኛለች።

ሥራው ጣጣም ነበረው። መንገድ ላይ መሮጥ አልችልም። አንድ ጊዜ ዝናብ አባሮኝ ስሮጥ ያየችኝ ጎረቤት «ወየው!» ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከቤቷ ወጣች። ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢደበድበኝም ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። ሚስቴ ብርቄ «ስንት ወንድ ባለበት አገር መርዶ አገባሁ» እያለች ትቀልድብኛለች። የዕለት እንጀራዬ ግን ያኔም ዛሬም ልብስ ስፌት ነው። የስፌት መኪናዬ በረንዳው ላይ፣ ጡሩምባው ከራሴ በላይ ሚስማር ላይ፤ ኑሮዬ እንዲህ ነበር።

አባቴ ጡሩምባውን ሲያስረክቡኝ የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ዋሽቶ አያውቅም። ሕዝቡ ሞፈሩን ጥሎ የሚወጣው ስለሚያምነው ነው። አንድ ቀን ከዋሸ ሁለተኛ ማንም አይወጣለትም።» የዕድራችን ደንብም ያለ ሞት ጡሩምባ የነፋ ሰው ጡሩምባውን ይነጠቃል፣ ከዕድርም ይሰረዛል ይላል። ከዕድር መሰረዝ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው፤ የሚቀብርህ የለም ማለት ነው።

ከግድግዳዬ ማዶ የበግ ነጋዴው ዘነበ ይኖር ነበር። ስለ ዘነበ ክፉ የሚናገር ሰው አይገኝም። ጡሩምባ በነፋሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚከፈተው በር የእሱ ነው። ጋቢውን እየተከናነበ ብቅ ይልና «ሸዋ፣ ማነው?» ይለኛል። ስሙን ሰምቶ ሳይጨርስ ወደ ድንኳኑ ይሮጣል። ቃሬዛ ሲነሣ የፊተኛውን ቀኝ የሚይዘው እሱ ነው፤ ያን ቦታ ሌላ ሰው ይዞት አያውቅም። የዕድሩ ዳኛ አቶ ወንድይፍራው «ዘነበን ጎረቤት ያደረገ ሰው ቀብሩ አያሳስበው» ይሉ ነበር።

ሚስቱን አስካለን ያመጣት ከመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ በኩል ነው። ስትመጣ ሳቂታ ነበረች። «እናንተ የመንዝ ሰዎች በግ ትበላላችሁ፣ በግ ትለብሳላችሁ፣ ወሬያችሁም በግ ነው» እያለች ሰፈሩን ታስቀው ነበር። እያደር ሳቋ ሄደ። በየት በኩል እንደሄደ የሚጠይቅ አልነበረም።

እኔ ያወቅሁት በልብሷ ነው። ሰው ቀሚስ ሲያሰፋ በአንገቱና በወገቡ ነው የሚያስጨንቀኝ፤ አስካለ ግን በእጅጌው ነበር። «ጋሼ፣ እጅጌውን ረዘም አድርግልኝ።» አረዝምላታለሁ። በዓመቱ ትመለሳለች። «ትንሽ ጨምርበት፤ እስከ ጣቴ ይድረስ።»

«ብርዱ ነው?» እላታለሁ።

«ብርዱ ነው» ትለኛለች።

ሁለታችንም ብርዱ እንዳልሆነ እናውቃለን። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ድምፅ ያሳልፋል። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ነበር። ሽማግሌዎች አልፎ አልፎ ይገባሉ፤ ገብተውም የእሱን ጉልበት አስመዋት ይወጣሉ። «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» ይባላል፣ ነገሩ በዚያ ያበቃል።

ገብሱ ታጭዶ ባለቀበት ሰሞን ከወረዳ የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሰላማዊት የምትባል ወጣት ወደ ዕድራችን ስብሰባ መጣች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ግን አይንቀጠቀጥም። «ሴት በቤቷ ስትደበደብ የቤት ገመና አይደለም። ወንጀል ነው» አለች። ወንዶቹ ጉሮሯችንን ጠራረግን። «እንዲህ ያለ የምታውቁት ቤት አለ?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልተነፈሰም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

ያን ጊዜ ዘነበ ተነሣ። «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እኅታችን። ደግ ትምህርት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ሰፈር የለም እንጂ፣ ቢኖር እኛው እናስተካክለው ነበር» አለ። ተጨበጨበለት።

ስብሰባው ሲበተን አስካለ ልጅቷን ተጠጋቻት። «ቢሯችሁ በየትኛው በር ነው የሚገባው?» አለቻት። ይህቺው ናት ጥያቄዋ። አንዷ ሰማች፣ ለሌላዋ ነገረች፣ ሌላዋ ለባሏ ነገረች። ወሬው እሑድን ውሎ ሰኞ ዘነበ ጆሮ ገባ።

ነገሩ የሆነው ያን ሰኞ ረፋዱ ላይ ነው። ጉሙ ገና አልተነሣም። የተማሪ ሱሪ እያጠበብኩ ሳለ ከማዶ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የአስካለን ድምፅ። መኪናዬን አቆምኩ። ሌላ ጊዜ የምሰማው ልመና ነው፤ «በማርያም!» «ማረኝ!» የሚል። ያን ቀን ግን የእኛን ስም ነበር የምትጠራው።

«ብርቄ! ጋሼ ሸዋንግዛው! ድረሱልኝ! ገደለኝ!»

ብርቄ እንዝርቷን እንደያዘች ከጓዳ ወጣች። ተያይዘን ወጣን። የዘነበ በር ብረት ነው፤ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በመዳፌ ደበደብኩት።

«ዘነበ! ኧረ በሥላሴ፣ ክፈት!»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ሸዋ!»

«ሂድ ልብስህን ስፋ፣ ወንድሜ። የቤቴን ነገር ለእኔ ተውልኝ።»

ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። የበግ ዋጋ ሲያስማማ የሚናገርበት ድምፅ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ያ ነው ያስፈራኝ።

ጎረቤት እየመጣ ተኮለኮለ። ብርቄ ወንዶቹን «ምን ትቆማላችሁ? ስበሩት እንጂ!» አለቻቸው። አንደኛው፣ ደምሴ የሚባል ፀጉር አስተካካይ፣ «የሰው ቤት ሰብረን? ነገ ሲታረቁ እኛ ጠላት ሆነን ልንቀር ነው» አለ። «በባልና ሚስት መካከል አይገባም» አለ ሌላው። ለፖሊስ ልደውል ስልኬን አወጣሁ፤ ጉም በወረደ ቀን ኔትወርክ የለም። አንዱን ሰው በእግሩ ላክነው። ጣቢያው ግን ከገበያው ማዶ ነው፤ ሄዶ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል።

ከዚያ የአስካለ ጩኸት ተቋረጠ። የዱላው ድምፅ ግን አልተቋረጠም።

ብርቄ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ አመድ መስሏል። «በል ግባና ጡሩምባህን ወልውል» አለችኝ። «ከሰዓት በኋላ ትነፋላታለህ። ያንተ ሥራ እኮ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በስድቡ አልነበረም። አንድ ነገር ድንገት ስለታየኝ ነው፤ ያ የብረት በር በዱላ አይከፈትም፣ በልመና አይከፈትም። በዚህ ሁሉ ዓመት ያንን በር በአንድ ጊዜ ወለል አድርጎ ሲከፍተው ያየሁት አንድ ድምፅ ብቻ ነው።

ቤት ገብቼ ጡሩምባውን ከሚስማሩ አወረድኩ። ስይዘው አባቴ ፊቴ ድቅን አሉ። «ዋሽቶ አያውቅም።» እኔ ነኝ እንግዲህ የማስዋሸው? ከዕድር ብሰረዝ ብርቄን ማን ይቀብርልኛል? አባቴ የተቀበሩት በዚህ ዕድር፣ እናቴ የተቀበረችው በዚህ ዕድር። በግድግዳው በኩል አንድ «ዷ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከእሱ በኋላ የሰው ድምፅ አልተከተለም። ወጣሁ።

በረንዳዬ ላይ ቆሜ የቀብሩን አነፋፍ ነፋሁ። ረዥሙን፣ ሆድ የሚበላውን። ትንፋሼ እስኪያልቅ ነፋሁና እንደ ልማዴ ዝም አልኩ።

የዱላው ድምፅ ቆመ። በጉሙ ውስጥ ወዲያና ወዲህ በሮች ሲከፈቱ ሰማሁ። ከዚያ አጠገቤ፣ የብረቱ መቀርቀሪያ ተሳበ።

ልማድ ሰውን እንዴት እንደሚገዛው ያን ቀን አየሁ። ዘነበ ጋቢውን እየተከናነበ ብቅ አለ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ ትንፋሹ አልተሰበሰበም፣ የሸሚዙ ጫፍ ላይ ደም አለ። ፊቱ ግን ለቀስተኛ ሆኗል። እውነተኛ ኀዘን ነበር ፊቱ ላይ።

«ሸዋ፣ ማነው?» አለኝ።

ዘወትር የምለው «እገሌ አርፏል» ነው። «አርፋለች» የምትለዋን ቃል ግን ተውኳት። ወደ ጉሙ ዞሬ ባለኝ ድምፅ ጮኽኩ።

«ወይዘሮ አስካለ! የዘነበ ባለቤት፣ ወይዘሮ አስካለ! የዕድር አባላት በሙሉ፣ ወደ ቤቷ!»

ዘነበ «ምን?» አለ። «ምን አልክ?» ወደ ኋላው ዞሮ ጨለማውን ቤት አየ። ገድዬአታለሁ ብሎ እንዳመነ ከዓይኑ አየሁ። ጋቢው ከትከሻው ወደቀ። ብርቄ በዚያች ቅጽበት በክንዱ ሥር ሾልካ ገባች።

ከዚያ ከተማው ደረሰ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ «አስካለዬን! የሰው አገር ልጅ! ሳቂታዬን!» እያሉ በሩን ሞሉት። ዘነበ ሁለት እጁን ዘርግቶ «ቆዩ! አንድ ጊዜ ቆዩ!» ይላል፤ ማን ይሰማዋል? የልቅሶ ቤት በር አይዘጋም። ለልቅሶ የመጣ ሰው ባለቤቱን አያስፈቅድም። ገፍተውት ገቡ፤ እኔም ገባሁ።

አስካለ በበግ ፀጉር ጆንያዎች መካከል ወድቃለች። ክንዷ በማይሆን አቅጣጫ ታጥፏል፣ ነጠላዋ ደም ጠጥቷል። ብርቄ ጭንቅላቷን ታቅፋለች። ሴቶቹ ሲያይዋት ለቅሷቸው ባሰ፤ ቤቱ በ«ወየው!» ተናጋ።

በዚያ ጩኸት መሃል አስካለ ያላበጠውን አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«ብርቄ… ማን ሞቶ ነው?» አለች።

«አንቺ ነሽ አሉ» አለቻት ብርቄ እንባዋ እየወረደ።

«እኔ?» አስካለ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ የተቧጨረውን ፊት፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ። ከዚያ በዝግታ፣ እየገረማት፣ «እንዲህ ትወዱኝ ኖሯል እንዴ?» አለች።

ጸጥ አለ። እኔ ብዙ ዓመት በዝምታ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የዝምታ ዓይነት እለያለሁ። እንደዚያ ያለ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። አንዲት ሴት መሬት ላይ ቁጭ ብላ እውነተኛውን ለቅሶ ጀመረች።

አቶ ወንድይፍራው የድንኳኑን ቋሚ የተሸከሙና ቃሬዛ የያዙ ወንዶች አስከትለው ደረሱ።

«ምን አገኛት? ትናንት በእግሯ ስትሄድ አላየኋትም?» አሉ።

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ ገና አልሞተችም» አልኳቸው።

እኔን አዩ፣ ጡሩምባውን አዩ። «ያለ ሞት ነፋህ?»

«ነፋሁ።»

ገፋ አድርገውኝ ገቡ። አስካለን አዩዋት። ቀና ብለው ዘነበን አዩት፤ የሸሚዙን ጫፍ አዩት። ከዚያ «ቃሬዛውን አስገቡት» አሉ።

«በሕይወት ያለ ሰው በቃሬዛ? ኧረ ሟርት ነው!» አሉ አንዲት አሮጊት።

«ሟርቱስ የእኛ ዝምታ ነበር፣ እመት። አስገቡት።»

በባና ጠቅልለን አስተኛናት። ወንዶቹ ለመሸከም ጎንበስ ሲሉ ዘነበ መጣ። ማንም ሳይጠራው፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ወደ ፊተኛው ቀኝ ሄደና እጁን ዘረጋ። እንዳላሰበበት አውቃለሁ። እግሩ ነው የወሰደው።

«እጅህን አንሣ» አሉት አቶ ወንድይፍራው። «አንተ አትሸከምም።»

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ ሚስቴ እኮ ናት…»

«ለዚህ ነው የማትሸከመው።»

ያን ቦታ እኔ ያዝኩት። ስንወጣ ዘነበ ያለ ጋቢ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ብዙ ልቅሶ የቆመ ሰው ነው፤ እንደዚያ ብቻውን የቆመበት ቀን ግን አልነበረም። ፖሊሶቹ መንገድ ላይ አገኙንና ወደ እሱ አለፉ።

ወደ ጤና ጣቢያው ስንሄድ ጉሙ መነሣት ጀምሮ ነበር። መንገደኛው ቃሬዛ ሲያይ ቆቡን ያነሣል፤ «ነፍስ ይማር» ይላል። ከባናው ሥር አስካለ «ብርቄ፣ የት ደረስን?» ስትል የሰማ አንድ ገበሬ አማትቦ ወደ ኋላው ሸሸ። ያን ጊዜ አልሳቅንም። ዛሬ ሳስታውሰው እስቃለሁ።

ከሰዓቱን በሙሉ በጤና ጣቢያው ግቢ ተቀምጠን ዋልን። ለልቅሶ የወጣ ሕዝብ አንድም ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ወደ ማታ ነርሷ ወጥታ ክንዷ እንደተሰበረ፣ ጭንቅላቷ እንደተሰፋ፣ ግን እንደምትተርፍ ነገረችን። «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ…» ብላ ሳትጨርሰው ተመልሳ ገባች። ፖሊሱ «እንግዲህ ምስክር እፈልጋለሁ። ማን ሰማ? ማን አየ?» ሲል ያቺ የስብሰባው ዝምታ ልትመለስ ስትል ተሰማችኝ። ብርቄ እጇን አነሣች። ቀጥሎ ያነሣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ «ጠላት ሆነን ልንቀር ነው» ያለው ደምሴ። ከዚያ ሴቶቹ። ሰላማዊት ወሬውን ሰምታ እየሮጠች መጣች፤ አስካለ አጠገብ ተቀመጠች፣ የፍርድ ቤቱ ነገር እስኪያልቅም ከአጠገቧ አልራቀችም። ማረፊያም የፈለገችላት እሷ ናት።

በተከታዩ እሑድ እኔ በዕድሩ ፊት ቆምኩ።

«ያለ ሞት ጡሩምባ ተነፍቷል፤ ደንቡ ይታወቃል። ሸዋንግዛው፣ ምን ትላለህ?» አሉ አቶ ወንድይፍራው።

«አርፋለች አላልኩም» አልኩ።

ጥቂት ሰው ሳቀ። «ጡሩምባ ነፊ ነው ወይስ ጠበቃ?» አለ አንዱ። ሌላው ተነሥቶ «ቀልዱ ይቅር። ዛሬ ይሄን ካለፍን ነገ ማንም እየተነሣ ይነፋል። ጡሩምባውን ያስረክብ» አለ። የሚስማማው ሰው ትንሽ አልነበረም። ጡሩምባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እውነት ለመናገር የሰው ዓይን አላየሁም፤ አባቴን ነበር የማየው።

አቶ ወንድይፍራው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጡሩምባ ሲነፋ ሰምቶ የቀረ ምን ይሆናል?»

«ይቀጣል!» አለ ሕዝቡ።

«ሰው በቁሙ ድረሱልኝ ሲል ሰምቶ የቀረስ?»

መቋሚያቸውን ወደ ዘነበ ቤት አቀኑ።

«የእኔ ቤት ከአስካለ ቤት ሩቅ አይደለም። ሌሊት ሰምቻለሁ፣ ቀን ሰምቻለሁ። ሁለት ጊዜም ጉልበት አስሜ መልሻታለሁ። መቀጮውን ከእኔ ጀምሩ» አሉና ቆባቸውን አውልቀው ቁጭ አሉ።

እኒያን የሚያህሉ ሽማግሌ ሲቀጡ እኛ ምን ይዘን እንቀመጣለን? አንድ በአንድ ተነሣን። የዚያን ቀን ዕድራችን አዲስ ደንብ አወጣ። የሴት ጩኸት ሰምቶ ያልወጣ ቀብር እንደቀረ ሰው ይቀጣል። የተደበደበች ሴት ጉልበት ስማ አትመለስም፤ ወደ ሕክምናና ወደ ሕግ ትወሰዳለች። ለሐዘንተኛ ቤት የሚደረገው ሁሉ፣ ምግቡም፣ አብሮ ማደሩም፣ ለእሷ ይደረጋል። አቶ ወንድይፍራው ጡሩምባውን ከጠረጴዛው አንሥተው በእጃቸው ሰጡኝ። «አባትህ ቢኖሩ ኖሮ እሳቸውም ይነፉት ነበር» አሉኝ። እኒህ ሰው ዛሬ በሕይወት የሉም። የእሳቸው ቀብር የእኔ ጡሩምባ ከተነፋላቸው የመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር።

ዘነበ ተፈርዶበት ታሰረ። የእሱ ዘመዶች ሽማግሌ ይዘው ወደ አስካለ መጡ። «ልጄ፣ ተይ ታረቂ። በቁርባን የተጋባን ሰው ከሞት በቀር የሚለየው የለም» አሏት። አስካለ ክንዷ ገና በጨርቅ ታስሮ ነበር።

«እውነታችሁን ነው፣ አባቶቼ» አለቻቸው። «ሞት ነው የለየን። ጡሩምባው ሲነፋ አልሰማችሁም?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ መርቀዋት ወጡ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ያ ቀን እኔን ምን እንዳደረገኝ ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት ሥራዬ ሞት መናገር ይመስለኝ ነበር። ሰው ቀባሪ በማግኘቱ የሚኮራበት አገር ነው አገራችን፤ አይነቀፍም፣ ደግ ነው። ግን ለሬሳ የምንሮጠውን ግማሹን ለቋሚ ብንሮጥ ስንቱ ቃሬዛ ባዶውን በቆመ! ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። በእናንተም ሰፈር ከግድግዳ ማዶ የሚሰማ ድምፅ ይኖር ይሆናል። በየዓመቱ እጅጌዋን የምታስረዝም ሴት ትኖር ይሆናል። ጡሩምባ የለኝም አትበሉ። ብርቄ ጡሩምባ አልነበራትም፤ እንዝርት ነበር የያዘችው። እኔን ያስነሣኝ ግን የእሷ አፍ ነው። በር ማንኳኳት፣ ሰው መጥራት፣ «ሰምቻለሁ» ብሎ መመስከር ማንም የሚችለው ነገር ነው።

ዕድሩ ሞንታርቦ የገዛ ጊዜ ስለ ጡሩምባው ክርክር ተነሥቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ይቀመጥ ያለ ነበር፣ ይሸጥ ያለም ነበር። ሴቶቹ አንድ ላይ ተነሥተው እንቢ አሉ። «ሞንታርቦው ለሞተ፣ ጡሩምባው ለቋሚ» አሉ። እንደዚያው ሆነ። ከዚያ ወዲህም ነፍቼዋለሁ፤ ደጋግሜ አይደለም፣ ግን ነፍቼዋለሁ። አባቴ እንደፈሩት አልሆነም። በነፋሁ ጊዜ ሁሉ በሮች ተከፍተዋል።

አስካለ ዛሬ ገበያው ዳር ባናና የተፈተለ ፀጉር ትሸጣለች። ሳቋ ተመልሷል፤ በበግ ወሬያችንም ትስቃለች። ባለፈው የውርጭ ሰሞን አዲስ ቀሚስ ይዛ በረንዳዬ ላይ መጣች።

«ጋሼ፣ እጅጌውን ቁረጥልኝ» አለች።

«የት ድረስ?»

ክንዷን ከክርኗ በላይ አሳየችኝ። ጠባሳው ሁሉ በግልጥ ይታያል።

«በዚህ ብርድ? ኧረ ልጄ፣ ትታመሚያለሽ።»

«ይብረደኝ፣ ጋሼ። የራሴ ብርድ ነው።»

መቀሴን አነሣሁ። እየቆረጥኩ ሳለ እሷ ቀና ብላ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ጡሩምባ ታየዋለች። አቧራ ለብሷል።

«ስሞት ለእኔ እንዳትነፋ» አለችኝ። «የእኔ አንዴ ተነፍቷል።»

«አንቺ ደግሞ! እኔ ነኝ የምቀድምሽ።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ ጠየቀችኝ። «ሰሞኑን ጡሩምባው ዝም ብሏል?»

«ዝም ብሏል።»

«እሰይ» አለች፤ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ልትጠርግለት እጇን ዘረጋችና መልሳ ተወችው።